የኤሌክትሪክ ሽቦ ለምን ይረግባል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ነው።

በጎንደርም ሆነ በዳባት ወይም በደባርቅ፣ ቀና ብላችሁ በሁለት ምሰሶ መካከል ያለውን ሽቦ እዩ። መሃሉ ረገብ ብሏል። ሠራተኛው ሰንፎ ነው? አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሽቦ በብርድ ያጥራል። ያለ ልክ ከተወጠረ በደጋው ውርጭ ሊበጠስ ይችላል።

ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ደግሞ ሽቦው ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይረዝማል። የ100 ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢጨምር 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። «11 ሳንቲ ሜትር ምን አላት?» አትበሉ። በዚህች ብቻ የሽቦው መሃል ከአንድ ሜትር በላይ ወደ መሬት ሊወርድ ይችላል።

ከተማ ሲያድግ ወፍጮው፣ ምጣዱ፣ የውሃ ፓምፑ ይበዛል። ታዲያ በነበረው ሽቦ ላይ ዝም ብሎ መጨመር ይቻላል? ከልኩ በላይ አይቻልም። አህያ እንኳ ከአቅሟ በላይ ስትጫን ትንበረከካለች።

የመስመርን አቅም ማሳደጊያው መንገድ ብዙ ነው። አንደኛው፣ ምሰሶው መሸከሙን አረጋግጦ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት ነው። ሁለተኛው፣ ሲሞቅ ብዙም በማይረግብ አዲስ ዓይነት ሽቦ መለወጥ ነው። ሦስተኛው ቮልቴጁን ማሳደግ ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን፣ ለዚያው ኃይል በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሽቦውን የሚያሞቀው ብክነትም ወደ ሩብ ይወርዳል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸህዲ አልፎ እስከ ሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋው መስመር ግን 230,000 ቮልት ነው።

ቮልቴጅ ሲያድግ አደጋውም ያድጋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳይነኩትም በአየር ዘሎ ይገድላል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ለመዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ ስኒው ይረዝማል፣ ሽቦውም ከምሰሶው ይርቃል። ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው።

የእኛስ ድርሻ? ከመስመር ሥር ባሕር ዛፍ አንትከል። ጭድ አንከምር። ቤት አንሥራ። ምሰሶ ላይ ወጥተን ሽቦ አንቀጥል። የወደቀ ሽቦ ካየን አንቅረብ፤ ልጆችንና ከብቶችን እናርቅ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ቶሎ እንናገር።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና መልሱን ጻፉ፦ በሰፈራችሁ ከመስመሩ ሥር ምን አለ?