ከጦር ሠፈር ወደ ቀዬ፦ ተመላሹ ወታደር እስኪቋቋም የት ይደር?

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሽሬ የሚያመራው መንገድ ሊማሊሞ ላይ ሲደርስ ደጋው በድንገት ያልቅና ገደሉን እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ከገደሉ ግርጌ ድብ ባሕር ትገኛለች። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ዛሪማን፣ አዲ አርቃይንና ማይ ጸብሪን አልፎ ተከዜን ይሻገራል። በሰሜን በኩል ጦርነት በተነሣ ቁጥር ወታደር የሚወርድበት፣ ጦርነቱም ባለቀ ቁጥር የተረፈው የሚመለስበት አንዱ ዋና መንገድ ይኸው በመሆኑ፣ የአካባቢው ገበሬ ተመላሽ ወታደርን አሳምሮ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጦርነቱ ሳይሆን ከጦርነቱ በኋላ ያለው አንድ አጭር ጊዜ ነው። ይኸውም ወታደሩ ከጦር ሠፈር ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ የራሱን ጎጆ ቀልሶ የመጀመሪያውን ምርት እስኪያፍስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የት ያድራል? ምን ይበላል? ጉዳዩንስ ማን ይከታተልለታል? ተመላሹ ገበሬ ሆኖ መቅረቱ ወይም ከተማ ገብቶ በረንዳ ላይ መውደቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ደግሞ በመጀመሪያ የሚደርሰው ከገበሬ ማኅበር መሪው በር ነው። የገበሬ ማኅበር ዛሬ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም፣ በአገሩ አነጋገር የጥንት ስሙን አልተወም።

የ1983 ዓ.ም. ልምድ

እንደሚታወሰው ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ፣ ግንቦት 20 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ በተያዙ ጊዜ ከ450 ሺህ በላይ የሚሆን የመንግሥት ጦር በአንድ ጊዜ ያለ አዛዥ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ማደሪያ ቀርቷል። በኤርትራ ከነበረው ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከሰላ ገብቷል። የቀረውም በየአቅጣጫው ወደ መሐል አገር አዝግሟል። በዚያ ክረምት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የወታደር ልብስ እንደለበሱ፣ አንዳንዶቹም በክራንች ተደግፈው ምጽዋት የሚለምኑ ሰዎች ይታዩ እንደነበር በዕድሜ የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። በደርግ ዘመን ለጦር ጉዳተኞች በደብረ ዘይት ተቋቁሞ የነበረው የጀግኖች አምባ እንኳ ይህን ሁሉ ሰው የሚችል አልነበረም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቋመ። ወታደሩ በመጀመሪያ በመቀበያ ሠፈሮች እንዲሰበሰብ፣ እንዲመዘገብና እንዲታከም ሲደረግ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በምግብና በሕክምና ረድቷል። ቀጥሎም ተመላሹ የመረጠው አካባቢ ድረስ በመኪና እንዲደርስ ተደረገ። ወደ ገጠር የተመለሰው የእህል ርዳታ ለወራት እየተሰፈረለት፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ የእጅ መሣሪያ፣ እንደየሁኔታውም በሬ እየተሰጠው እርሻ እንዲጀምር የተደረገ ሲሆን፣ ተመላሾቹ ራሳቸው የመረጧቸው ኮሚቴዎችም በኮሚሽኑና በሕዝቡ መካከል ሆነው ይሠሩ ነበር። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ከጊዜ በኋላ ይህን ሥራ ለሌሎች አገሮች ትምህርት የሚሆን ነው ብለው ጽፈውበታል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮሚሽኑ ሊሰጠው የማይችል አንድ ነገር ነበር። እርሱም መሬት ነው። መሬት በገበሬ ማኅበሩ እጅ ነበር፤ የጎጆ መሥሪያ ቦታም እንዲሁ።

የላከው ማኅበር ተቀባይ ሲሆን

እዚህ ላይ የአብዛኛው ሰው ዐይን የማያርፍበት አንድ ነገር አለ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣቱ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይደነግግ ነበር። ከገጠር ምልምል የሚሰበሰበው በገበሬ ማኅበራት በኩል ሲሆን፣ ኮታ የሚደለደለውም በእነርሱ ላይ ነበር። ሁለት ዓመቱ አልቆ ያልተለቀቀው ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. ተመላሹ ወታደር መሬት ሊለምን የቆመው ከዓመታት በፊት ስሙን መዝግቦ በሰጠው ማኅበር ፊት ነበር። መሪው የተለወጠ ቢሆን እንኳ ማኅበሩ ያው ነው። የልጁ እናት በዚያው ቀዬ አለች፤ ስሙን ማን እንዳስመዘገበውም ታውቃለች።

የገበሬ ማኅበር መሪው በበኩሉ የተዘጋጀ መሬት አልነበረውም። በንጉሡ ዘመን ከጣልያን ወረራ በኋላ ለአርበኞችና ለወታደሮች አንድ ጋሻ፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ በስጦታ መሰጠቱ ይታወሳል። ሆኖም ያ መሬት በአብዛኛው በደቡብ የነበረ የመንግሥት መሬት እንጂ የጎንደር ርስት አልነበረም። በጎንደር ደጋ ተቆርሶ የሚሰጥ ትርፍ መሬት ያኔም አልነበረም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅም የድልድሉን ተራ ሲዘረዝር፣ ራሳቸው ለማረስ ፈቃደኛ የሆኑ ጡረተኞችን ያሰፈረው ከቀድሞ ጭሰኞችና ባለመሬቶች፣ ከተፈናቀሉት፣ ሥራ ከሌላቸውና ከሌላ አካባቢ ከመጡት ገበሬዎች በኋላ ነው።

ከዚህም ሌላ ጥያቄውን የሚያወሳስብ አንድ ክፉ እሽክርክሪት አለ። መሬት የሚደለደለው ለአባወራ ነው። በአባቱ ወይም በወንድሙ ቤት ተጠግቶ የሚያድር ሰው እንደ ጥገኛ ይቆጠራል እንጂ ጎጆ እንደወጣ አይታይም። ጎጆ እንዳይወጣ ደግሞ መሬትም ጥሪትም የለውም። ቤት የለህምና መሬት አይደርስህም፣ መሬት የለህምና ቤት አትሠራም እንደማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህን እሽክርክሪት ለመበጠስ ከሁሉ አስቀድሞ መሰጠት የሚገባው የጎጆ ቦታ ነው። የእርሻ መሬት ጥያቄ ጊዜ ሊወስድ፣ ክርክርም ሊያስነሣ ይችላል። የጎጆ ቦታ ግን ጥቂት ክንድ መሬት ሲሆን፣ ተመላሹን ከጥገኝነት አውጥቶ በመዝገብ ላይ ያሰፍረዋል።

ጎጆውም ቢሆን በወሬ አይቆምም። ለቋሚውና ለማገሩ የጓሮ ባሕር ዛፍ ያስፈልጋል፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከጥብቁ ዱር መቁረጥ እንደማይችል ያውቃል። ለክዳን ሰንበሌጥ፣ ለማሰሪያ ልጥ፣ ለምርጊት ጭድ ይፈለጋል። በክረምት የደረሰ ተመላሽ እነዚህን ከየትም አያገኝም። አንድ በሬ ለተሰጠው ሰው ደግሞ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ካልተቀናጀው በሬው ከሣር ፈጅነት አያልፍም። እግሩን ወይም እጁን ያጣው በእኩል ወይም በሢሶ የሚያርስለት ታማኝ ሰው ካልተፈለገለት መሬት ማግኘቱ ብቻውን ምግብ አይሆነውም። ደቦውን መጥራት፣ መቀናጆውን ማስማማት፣ የእኩሉን ውል በሽማግሌ ፊት ማስያዝ፣ ርዳታ የሚሰፈርበትን ቀን መንገርና ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጤና ጣቢያ ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ሰው ክትትል ካልተያያዙ ሁሉም ይላላሉ። በከተማ ይህን የሚሠራው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይባላል። በገጠር ግን ስም ሳይወጣለት ብዙ ጊዜ በማኅበሩ ጸሐፊ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በሀብታም አገርም ቢሆን ችግሩ አልቀረም። አሜሪካ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ብዙ የቀድሞ ወታደሮቿ ጎዳና ላይ ወድቀው በማየቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ ለጊዜያዊ መጠለያ ሰጪ ድርጅቶች በሚያሳድሩት ሰው ልክ የቀን ሒሳብ የሚከፈልበትን ዘዴ ጀምራለች። ተመላሹ በመጠለያው እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያም አልጋው ብቻ ሳይሆን ሥራውን፣ ሕክምናውንና ቋሚ ቤቱን የሚከታተልለት ሠራተኛ ይመደብለታል። የእኛ ገበሬ ይህን ሁሉ ያለ በጀት በዘመድ ቤት ይሠራዋል። የዘመድ ቤትም ልክ አለው። ሦስትና አራት ልጅ የሚተኛበት መደብ ላይ በሌሊት ተኩስ እየሰማ የሚባንን ሰው ሲጨመር፣ ዘመድ መጥላት ባይሆንም መሰልቸት ይመጣል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት ሰው ሲመለስ የሚደርሰው ነው። ይህ በየጦርነቱ የነበረ ነው። መሬቱ ለወንድም ወይም ለሌላ ተደልድሏል፤ ሚስትም አግብታ ወልዳ ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ጥፋተኛ ሳይሆን ሁሉም ተበዳይ የሚሆንበት ነገር ነውና በስብሰባ ፊት ባይወጣ ይሻላል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለው ጉዳይ ጥቂት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት በተገኙበት፣ ሴትዮይቱም ቃሏን እንድትሰጥ ተደርጎ፣ የተመላሹ ማደሪያ ለብቻው ተወስኖለት ከዚያ በኋላ ቢታይ ነው የሚበጀው። ቤት ከሌለው ግን ማደሪያ ፍለጋው ራሱ ወደ ጠቡ ይወስደዋል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የቀድሞ የገበሬ ማኅበር መሪዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ እንዲይዙ መደረጉ አይዘነጋም። መሪነት መልሶ እንደሚያስጠይቅ የዚያ ዘመን ሰው አይቶታል።

ከዚያ ወዲህ

ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1993 ዓ.ም. በስምምነት ካበቃ በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ተሰናብቶ ወደየቀዬው ተመልሷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ አዲ አርቃይን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ሲጠጋ ብዙ የቆላ ገበሬ ገደሉን ወጥቶ ደባርቅና ዳባት ተጠልሏል፤ የትምህርት ቤት ክፍሎችም ማደሪያ ሆነዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች ያሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዕቅድ አውጥቶ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ሥራ ጀምሯል።

የተሐድሶ ሠፈር ቆይታ አጭር ነው። ተዋጊው ትጥቁን አስረክቦ፣ ተመዝግቦና መነሻ ገንዘብ ተቀብሎ ይሸኛል። የሚወርድበት ቀበሌ ደግሞ መምጣቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከመጣ በኋላ ነው። ስለሆነም የማኅበር መሪዎች የሰውየውን ስም፣ የቤተሰቡን ሁኔታና የጉዳቱን ዓይነት ከወረዳው አስቀድመው ቢጠይቁ፣ የቦታውንና የመቀናጆውን ነገር እርሱ ሳይደርስ ሊያስቡበት ይችላሉ። ለክዳኑም ቢሆን ሰንበሌጥ የሚታጨደው በበጋ ነው። ለአንድ ጎጆ የሚበቃ ሣር አጭዶ በማኅበሩ ግቢ ከምሮ ማቆየት ከአንድ ቀን ደቦ አይበልጥም፤ ተመላሽ ባይመጣ እንኳ ቤቷ የሚያፈስባት አንዲት መበለት አትጠፋም።