ላፕቶፑ አልነሳ ሲል፦ «ፎርማት አድርገው» ከማለታችሁ በፊት



ባለፈው ዓመት ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ላፕቶፑ አልነሳ አለው። ማታ ዊንዶው አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ሲያበራው የአምራቹ አርማ ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይላል፣ ከዚያ እንደገና አርማው። ደንግጦ ከግቢ ውጭ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዞት ሄደ። ሠራተኛው አየት አደረገውና «ፎርማት ይፈልጋል» አለው። እሱም «እሺ» አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ተነሳ፤ ሦስት ወር ሙሉ የሰበሰበው ዳታና ሁለት ምዕራፍ ግን የሉም። የሚያሳዝነው ዲስኩ ጤነኛ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ፋይሎቹ ፎርማት እስከተደረገበት ደቂቃ ድረስ እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

ፎርማት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ሥራችንን የምናስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ደግሞ ከላይ ተዘርግቶ ቢታይም የሚገኘው ዊንዶው በተጫነበት በሲ ክፍል ውስጥ ነው። ሲ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፕ አልነሳ ሲል መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የት ላይ እንደቆመ ነው።

መድረሳ የቀራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሒፍዝ ስናሰማ ከተሰናከልን ኡስታዛችን ያቺን አያ ያስተካክሉልናል እንጂ ሱራውን በሙሉ እርሱትና እንደገና ጀምሩ አይሉንም። ላፕቶፕም የሚነሳው በተራ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይገባል። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ራሙንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል። ከዚያ ዲስኩን ፈልጎ ዊንዶውን የሚጠራውን ፋይል ያነባል። ዊንዶው ተነስቶ ድራይቨሮቹን ይጭናል፤ በመጨረሻ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። አንዱ ላይ ሲቆም የሚያሳየው ምልክት ሌላው ላይ ሲቆም ከሚያሳየው ይለያል።

ምንም መብራት ከሌለ፣ ድምፅም ከሌለ፣ ጉዳዩ ከዊንዶው ጋር አይገናኝም። የዶርም ኤክስቴንሽን ላይ ስምንት ቻርጀር ተሰክቶ የሚሠራው በተአምር ስለሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ሞክሩት። ከጓደኛ ቻርጀር ስትዋሱ ጫፉ ገባ ብላችሁ ብቻ አትሰኩ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከእናንተው ጋር እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ካልሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት፤ ፍላሹንም ማውሱንም ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አብሩት። ቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስ ኃይል የሚቆጣጠረው ቺፕ ከተጣበቀበት ይላቀቃል። ሞተ ተብሎ የመጣልኝን ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ያስነሳሁበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቷ እስከ ዛሬ ሩቅያ ያደረግሁበት ይመስላታል።

መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? ካፕስ ሎክን ተጫኑት። መብራቱ በርቶ ከጠፋ ማሽኑ ነቅቷል፤ የሚጠረጠረው ስክሪኑ ነው። የስልካችሁን ባትሪ መብራት ከጎን አብርታችሁ ስክሪኑን ተመልከቱ፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ወይም ከክፍል ፕሮጀክተር ጋር ማገናኘትም ያረጋግጥላችኋል፤ ፋይላችሁን እዚያው ላይ ሆናችሁ ትገለብጣላችሁ። ካፕስ ሎክም ዝም ካለና ላፕቶፑ በተደጋጋሚ ጢጥ ካለ ወይም አንድ መብራት ከበልጨለጨ ቁጠሩት። ያ ቁጥር አምራቹ ያስቀመጠው ኮድ ነው፤ ከሞዴሉ ስም ጋር ስትፈልጉት ትርጉሙን ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ራሙን ከቦታው አውጥቶ በደንብ መልሶ መክተት ይበቃል።

አርማው መጥቶ «ቡት የሚደረግ ዲቫይስ የለም» የሚል ጽሑፍ ከቆመ፣ ከሁሉ በፊት ጎኑን እዩ። ፕሪንት ለማድረግ የሰካችሁት ፍላሽ እዚያው ይሆናል። ካልሆነ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ሲበራ በዴልና በኤሰር ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በብዙዎቹ ሌኖቮዎች ኤፍ 2 ደጋግሞ መጫን ነው። እዚያ የዲስኩ ስም ይታያል? ከታየ ዲስኩ አለ፤ የተዛባው የአነሳሱ ቅደም ተከተል ወይም የማስነሻ ፋይሉ ነው። ካልታየ ወይ ዲስኩ ከቦታው ላልቷል ወይ ሞቷል። ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሶ ካገኛችሁት ደግሞ ሳንቲም የምታክለዋ ባትሪ አልቃለች፤ ስታልቅ በአንዳንድ ላፕቶፖች የባዮሱ ቅንብር አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ዓይነት ችግር እንምጣ፤ ዊንዶው ይጀምርና ይወድቃል። እዚህ ጋ ዊንዶው ራሱ የያዘው የጥገና ክፍል አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ነጠብጣቦቹ መሽከርከር ሲጀምሩ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ተጫኑ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙ በራሱ ወደ ጥገናው ይገባል። «ትራብልሹት» ቀጥሎም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ምረጡ። እዚያ ውስጥ «ስታርትአፕ ሪፔር» የማስነሻ ፋይሎችን ይጠግናል፤ «አንኢንስታል አፕዴትስ» በመጨረሻ የገባውን አፕዴት ያወጣል፤ «ሲስተም ሪስቶር» ሲስተሙን ወደ ቀደመ ቀን ይመልሳል። በ«ስታርትአፕ ሴቲንግስ» በኩል ደግሞ ሴፍ ሞድ አለ፤ ዊንዶው ከግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ነው። ሴፍ ሞድ ላይ ከተነሳ ጥፋቱ ያለው በቅርቡ በጫናችሁት ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ማውጣት ነው።

ይህ ቀላል ነገር በዓለም ደረጃ የተፈተነበት ቀን አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ ዕለተ ጁሙዓ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶው ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አቆማቸው። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። የብዙዎቹ መፍትሔ በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ባለሙያዎቹን ይበልጥ ያንገላታቸው ብዙዎቹ ማሽኖች በቢትሎከር የተቆለፉ መሆናቸውና ቁልፉን መፈለጉ ነው።

ቢትሎከር እኛንም ይመለከታል። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ሳይነግሯችሁ ይቆልፉታል። ጥገናው ውስጥ ስትገቡ ወይም ባዮስ ስትነኩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክ ገብታችሁ ማየት ይቻላል። የአካውንቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ግን ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የራሱን ፋይል ማንበብ አይችልም። ላፕቶፑ እየሠራ ባለበት በዛሬው ቀን ቁልፉን አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጥገናው ካልሠራ ፋይላችሁን አውጡ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ክፈቱና ኖትፓድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። ከኖትፓዱ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን» በሉ፤ ከታች በኩል «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ። የምታዩት መስኮት እንደ ተራ ፎልደር ያገለግላል። ዲስካችሁን ፈልጉ፤ ፊደሉ ከሲ ወደ ዲ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አትደንግጡ። «ዩዘርስ» ውስጥ ስማችሁን፣ ከዚያ ዴስክቶፑን አግኝታችሁ በቀኝ ክሊክ ኮፒ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት። ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የተጣበቀ ቢመስልም ታገሱት። ሌላው መንገድ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ነው፤ ከፍላሹ አስነስታችሁ «ትራይ» የሚለውን ስትመርጡ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል፣ ፋይሎቹንም ያሳያችኋል። «ኢንስታል» የሚለውን ግን እንዳትነኩ!

አንድ ነገር ብቻ ያስቸኩላል። የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ካለ አጥፉት። እንደገና እያበሩ መሞከር፣ ዲስክ የሚፈትሽ ፕሮግራም ማስሮጥ የቀረውን ዕድሜ ይበላዋል። ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ጽሑፉ ነው፤ ፊልሙ ይቆይ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ፎርማት ቢደረግም ግድ የለም። ከዚያ በፊት ግን «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ፕሮግራሞቹን ያነሳል፣ የግል ፋይሎቻችሁን ይተዋል።

ወደ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ሲሆን ደግሞ፣ በተለይ ለእህቶች፣ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የቤተሰብ ፎቶ፣ ያለ ሒጃብ የተነሳችሁት ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው። ዲስኩ ከጀርባ የሚፈታ ከሆነና ችግሩ የቻርጀር መሰኪያ ወይም የስክሪን ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ ያለ ዲስክ ስጡ፤ ለዚያ ሥራ አያስፈልገውም። ካልተቻለ ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ቁሙ፤ የይለፍ ቃላችሁን ጽፋችሁ ጥላችሁ አትሂዱ። ለሰው የምንጠግን ወንድሞችም እጃችን ላይ ያለው አማና ነው፤ የተጠየቅነው እንዲነሳ እንጂ ፎልደሩን እንድንቃኝ አይደለም። በእህቶች ዶርም ይህን የምትችል አንዲት እህት ብትኖር ግማሹ ጭንቀት ይቀላል፤ መማር የምትፈልግ ካለች ከላይ ያለውን በሙሉ በአንድ ከሰዓት ማሳየት ይቻላል።

የኡቡንቱው ፍላሽ እኔ ጋር አለ። ከመግሪብ በኋላ መስጂድ በር ላይ ታገኙኛላችሁ፤ ውሰዱት፣ ብቻ ፊልም ጭናችሁበት አትመልሱልኝ።