በጎ ፈቃደኛ የትራም ነጂ

በጎ ፈቃደኛ የትራም ነጂ ማለት በባቡር ሙዚየም ውስጥ ያረጁ ትራሞችን ያለ ደመወዝ እየነዳ ጎብኚዎችን የሚያጓጉዝ ሰው ነው። ትራም በከተማ ጎዳና ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሄድና ከላይ ከተሰቀለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኝ ባቡር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ካለ ሽቦ ነው። የሙዚየም ትራሞች ግን ብዙዎቹ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው በመሆናቸው፣ አነዳዳቸውን የሚያስተምር ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

አመጣጥ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ከተሞች ትራሞቻቸውን በአውቶቡስ ሲተኩ፣ አሮጌዎቹ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በሜይን ግዛት ጥቂት የባቡር ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው የቢደፎርድና ሳኮ መስመር ንብረት የነበረውን ቁጥር 31 ክፍት ትራም በ150 ዶላር ገዙ። በኬነበንክፖርት የሚገኘው የሲሾር ትራም ሙዚየም የተመሠረተው በዚህ ግዢ ነው። ዛሬ በዓይነቱ ከዓለም ቀደምትና ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ጎብኚዎችም በቀድሞ የትራም መስመር ላይ እንደገና በተዘረጋ ሐዲድ ይጓዙበታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራው የቆመው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው።

አነዳድ

ትራም መሪ የለውም፤ የሚያዞረው ሐዲዱ ነው። ስለዚህ የነጂው ሥራ ማስኬድና ማቆም ብቻ ይመስላል። በብዙ አሮጌ ትራሞች ነጂው በግራ እጁ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን፣ በቀኙ የአየር ፍሬኑን እጀታ ይይዛል።

መቆጣጠሪያው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሞተሮቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ 600 ቮልት ያህሉን ኃይል ይካፈሉታል፤ ትራሙም በዝግታ ይነሣል። በኋላኞቹ ደረጃዎች ጎን ለጎን ተያይዘው እያንዳንዱ ሙሉውን ቮልቴጅ ያገኛል። በመካከል ባሉት ደረጃዎች ላይ ጅረቱን የሚገድቡት ሬዚስተሮች ናቸው። ነጂው እዚያ ላይ ከቆየ ይግላሉ፣ ሊቃጠሉም ይችላሉ፤ ቶሎ ቶሎ ከገፋው ደግሞ ትራሙ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል፣ ብሬከሩም ኃይሉን ሊቆርጥ ይችላል። በዘመናዊ ባቡር ይህን የሚያመጣጥነው ኮምፒዩተር ነው። እዚህ ግን ነጂው በጆሮውና በእጁ ይሠራዋል።

ማቆሙ ከማስኬዱ ይከብዳል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ብዙም አይቆነጥጥም። ዝናብ ከዘነበ ወይም የረገፈ ቅጠል ሐዲዱ ላይ ከተደፈጠጠ፣ ትራሙ ጎማው ቆሞ እያለ እንኳ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ለዚህ ሲባል ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚያፈስ መሣሪያ አለው። ጥሩ ነጂ ፍሬኑን አስቀድሞ ይይዝና ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩን ጥቂት በጥቂት ይለቃል፤ እስከ መጨረሻው አጥብቆ ከያዘ የቆመው ተሳፋሪ ወደፊት ይወረወራል። የአየር ግፊት መለኪያውን ሳያይ የሚነሣ ነጂ ግን ጥሩም ቢሆን አደገኛ ነው። አየሩ ካለቀ የሚቀሩት የእጅ ፍሬንና፣ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ፣ ሞተሩን ወደኋላ ማዞር ናቸው።

ቲኬት ቆራጭ በሚኖርበት ትራም ሁለቱ የሚግባቡት በደወል ነው። በተለመደው ሥርዓት ሁለት ደወል «ሂድ»፣ በጉዞ ላይ አንድ ደወል «በሚቀጥለው ፌርማታ ቁም»፣ ሦስት ደወል «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው።

ሥልጠና

አመልካቹ የሙዚየሙን የደንብ መጽሐፍ ያጠናል፤ ከዚያም ሰው ባልተሳፈረበት ትራም ከአሠልጣኝ ጋር ደጋግሞ ይለማመዳል፤ በመጨረሻም ይፈተናል። አንዱን ዓይነት ትራም መንዳት መቻል ለሌላው አያበቃም፣ ምክንያቱም የፍሬን አሠራራቸው ይለያያል። ያለፈውም ቢሆን በየጊዜው እንደገና መታየት ይጠበቅበታል።

ደንቡ በጽሑፍ ቢኖርም፣ አየሩን መቼ መልቀቅ እንደሚገባ የሚታወቀው ከሰው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው። በመደበኛ አገልግሎት ዘመን እነዚህን ትራሞች የነዱ ሰዎች ዛሬ አልቀዋል ማለት ይቻላል። የዛሬዎቹ አሠልጣኞች ከእነርሱ ወይም ከተማሪዎቻቸው የተማሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ተተኪ ካላገኙ ትራሙ ቀለሙም ሞተሩም ደህና ሆኖ ሳለ ከመጋዘን አይወጣም።

መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሁለት ዘንግ ባለው ትራም፣ ነጂው የመቆጣጠሪያውን እጀታዎች ነቅሎ ይወርዳል። ገመዱን ይዞ አንዱን ዘንግ ከሽቦው አውርዶ ያስራል፤ ሌላውን ቀና ብሎ እያየ ቀስ አድርጎ ሽቦው ላይ ያሳርፋል። እጀታዎቹንም በሌላኛው ጫፍ ገጥሞ ወደመጣበት ይመለሳል።