ቤት ተሸክሞ መታጠፍ

ፊያት ዱካቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ሲቀርብ የዕቃ መኪና ነበር፤ ጠዋት ጭኖ ይወጣል፣ ማታ ባዶውን ይመለሳል። ዛሬ በአውሮፓ መንገዶች አልጋና ማድቤት ይዘው ከሚዞሩት ሞተርሆሞች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ መኪና ሻንሲ ላይ ነው። ሞተርሆም ግን ሸክሙን መቼም አያራግፍም። በብርዱ ወራት ቆሞ ሲከርም እንኳ የኋላ ባሌስትራው ቤቱን እንደተሸከመ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቢተኛ አይገርምም።

የባለቤቶቹ ስሞታ ይመሳሰላል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፋቸው ወደ ጎን ይገፋሉ፣ አደባባይ ሲዞሩ ቤቱ ያጋድላል፣ ጉብታ ካለፉ በኋላ ጅራቱ መናጡን አያቆምም። ብዙዎች መፍትሔ ብለው ቀድመው የሚገዙት ባሌስትራውን የሚያግዝ የአየር ከረጢት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሚዛን ላይ መውጣት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያውም የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ።

በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 4 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። ከኋላ ጎማው 2 ሜትር ርቆ፣ ብስክሌትና ሞተር በሚታሰርበት ቦታ፣ 200 ኪሎ ብንጭንበት የኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው ጭማሪ 300 ኪሎ ነው። ትርፉ 100 ኪሎ የመጣው ከፊት ነው፤ ጅራቱ ሲጫን አፍንጫው ይቀላል። ዱካቶን የሚጎትቱትም መሪውን የሚታዘዙትም እነዚያው የቀለሉት የፊት ጎማዎች ናቸው። የአየር ከረጢት ጅራቱን ያነሣዋል እንጂ ይህን 100 ኪሎ ወደ ፊት አይመልስም። ከባዱን ዕቃ ወደ መሀል ማዛወር ግን ይመልሰዋል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ማጋደሉ ሌላ ነገር ነው። 3,500 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 1.2 ሜትር የሚርቅ፣ የግራና የቀኝ ጎማው ርቀት 1.8 ሜትር የሆነ መኪና ኩርባ ላይ የክብደቱን 30 በመቶ በሚያህል ኃይል ወደ ጎን ቢገፋ፣ 700 ኪሎ ያህል ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጨኞቹ ይዛወራል። ይህን የሚወስኑት ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ ፍጥነቱና የኩርባው ጥበት ናቸው፤ ባሌስትራው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ስታቢላይዘር የሚባለው ዘንግ አንዱ ወገን ብቻውን ሲጫን ጥምዘዛውን ስለሚቋቋም ቤቱ የሚያጋድልበትን መጠን ይቀንሳል። ከኋላ ብቻ ሲጠነክር ግን ከዚያ 700 ኪሎ ውስጥ የኋለኛው ጎማ ድርሻ ይጨምራል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ጅራቱ ቢንሸራተት ሰበቡ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከጉብታ በኋላ ለሚቀጥለው መናጥ የሚጠየቀው ሾክ አብዞርበር ነው። ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ እያስገደደ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ያረጀ ሾክ ላይ የአየር ከረጢት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል፤ የጠነከረ ባሌስትራ የበለጠ ጠንካራ ሾክ ይፈልጋልና።

በአውሮፓ ብዙ ሞተርሆሞች በተለመደው መንጃ ፈቃድ እንዲነዱ ከ3,500 ኪሎ በላይ እንዳይሆኑ ተደርገው ይመዘገባሉ። ከረጢቱ መገጠሙ ብቻ ይህን ገደብ አያነሣም፤ ፍሬኑም፣ አክስሉም፣ ጎማውም አልተለወጡም።