የቦረና ሽማግሌዎችና የሰማይ ሊቃውንት፤ ስለ ኢትኖግራፊ ስልት የቀረበ ትውውቅ

የአንድን ሕዝብ ሥርዓትና ልማድ በሩቅ ሆኖ ከመገመት ይልቅ ከሕዝቡ መካከል ገብቶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ ዝናቡንም ድርቁንም አብሮ ከርሞ፣ በዐይን ያየውንና ከሽማግሌ አንደበት የሰማውን ዕለት ዕለት እየጻፈ የሚያጠናቅር የምርምር ስልት ኢትኖግራፊ ይባላል። ይህ ስልት እንደ ተራ የጉዞ ማስታወሻ፣ ወይም ሌሎች ምሁራን ስሌታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ለጽሑፋቸው ማሳመሪያ እንደሚጨምሩት ትረካ ሲቆጠር ማየት ያሳዝነኛል፤ ስሌቱ ራሱ የሚቆምበት መሠረት በጥንቃቄ የተቀዳው ቃል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና። ለዚህ ጉዳይ ኤርትራዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቦረና ኦሮሞ መካከል ያደረገውን ምርምርና በ1973 «ገዳ» በሚል ርእስ ያሳተመውን መጽሐፍ የሚስተካከል ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል።

ገዳ በተባለው የቦረና ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤም በየ8 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግን ይመረምራል፣ ያውጃል። ይህንን ከውጭ የመጣ እንግዳም በጥቂት ቀን ሊረዳው ይችላል። የሥርዓቱ ምሥጢር ግን ያለው የልጅን ደረጃ በሚወስነው ደንብ ላይ ነው፤ ልጅ በሥርዓቱ ውስጥ ሥፍራውን የሚያገኘው በገዛ ዕድሜው ሳይሆን በአባቱ ደረጃ ሲሆን፣ በአባትና በልጅ መካከል ሁልጊዜ 5 የገዳ ዘመን፣ ማለት 40 ዓመት፣ መኖር አለበት። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች ሁሉ፣ በጉልምስናው የወለደው ጢም ያወጣ ታላቅም ሆነ በእርጅናው የወለደው በእናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን፣ በአንድ ደረጃ ይቆማሉ። ለእኩዮቹ የተመደበው ሥርዓት አስቀድሞ ያለፈበት፣ አባቱ በሸመገለ ጊዜ የተወለደ ልጅ «ኢልማን ጃርሳ» ከሚባሉት ይቈጠራል፤ ለእንዲህ ያሉትም ሐሪያ የተባለ ሌላ፣ በዕድሜ የሚደለደል ማኅበር አላቸው።

አስመሮም ይህን ደንብ ከሽማግሌዎች ሰምቶ፣ ከየቤተሰቡ የትውልድ ሐረግ ጋር አነጻጽሮ ካረጋገጠ በኋላ ዝም ብሎ ቢጽፈው ኖሮ እንኳ ሥራው የተመሰገነ በሆነ ነበር። እርሱ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረበት፤ ዕድሜና ደረጃ እንዲህ የተራራቁበት ሥርዓት ከመጀመሪያው እንዲህ ሆኖ ሊመሠረት ይችላልን? ለመመርመርም ዕድሜና ደረጃው የተስማማ ሕዝብ አለ ብሎ በማሰብ፣ ደንቦቹን ለኮምፒዩተር ሰጥቶ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ የሚሆነውን አሰላ፤ የ40 ዓመቱ ደንብ ትውልድ ባለፈ ቍጥር ዕድሜንና ደረጃን እያራራቀ እንደሚሄድም ተመለከተ። የሕዝብ ቈጠራ ሒሳብ፣ የቃል ታሪክና የመስክ ምርምር በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ፤ ከሽማግሌዎቹ የተቀዳው ደንብ በጥቂቱ እንኳ ቢሳሳት ኖሮ ግን ያ ሁሉ ስሌት ከንቱ ድካም ይሆን ነበር።

የዘመን ቈጠራው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይደንቃል። በቦረና «አያንቱ» የሚባሉ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እየተመለከቱ ወርንና ቀንን ይወስናሉ፤ አስመሮምም ይህን ዕውቀት ከሊቃውንቱ ተምሮ መዘገበ። ዓመታቸው 12 የጨረቃ ወር፣ 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት የሚጐድለውንም 11 ቀን በባሕረ ሐሳብ ያደገ አንባቢ ከጥንተ አበቅቴ ጋር ያዛምደው ይሆናል። የቀን ስሞቻቸው 27 ሲሆኑ ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን፣ በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ይደገማሉ፤ ተከታዩ ወርም በሌላ ስም ይጀምራል። ወሩን ለመለየት ጨረቃ ከላሚ፣ ከቡሳን፣ ከበከልቻ፣ ከአልጋጂማና ከሌሎች የታወቁ ከዋክብት ጋር ስትገናኝ ይመለከታሉ።

ይህ የአስመሮም መዝገብ ከታተመ በኋላ አሜሪካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሎረንስ ዶይል አንብቦት አንድ እንቅፋት አገኘ። ጨረቃ በታደሰች ቍጥር ባለፈው ወር ከነበረችበት ሥፍራ ወደ ምሥራቅ 29 ዲግሪ ገደማ ርቃ ትገኛለች፤ በበከልቻና በአልጋጂማ መካከል ግን ወደ ምሥራቅ ሲለካ የዚህ እኩሌታ እንኳ የለም። እንግዲያስ በሁለት ተከታታይ ወራት አዲሲቱ ጨረቃ ከሁለቱ ጋር በየተራ ጎን ለጎን ልትቆም አትችልም። ዶይል በ1986 «ከረንት አንትሮፖሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ መገናኘት የተባለው ጨረቃ በአድማስ ላይ ኮከቡ በሚወጣበት ሥፍራ መውጣቷ ይሆናል ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት በፊት የነበረውን ሰማይ አስልቶም ቈጠራው ለዚያ ዘመን እንደሚስማማ ተናገረ።

ስሌቱ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን አያንቱ ሌሊት ቀና ብሎ የሚመለከተው ምን እንደሆነ በሩቅ አገር ተቀምጦ በስሌት ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ ጣሊያናዊው የመስክ ተመራማሪ ማርኮ ባሲ ጥያቄውን ወደ ቦረና ወስዶ ከአዋቂዎቹ ጋር ተወያየበት፤ ዘገባውንም በ1988 በዚያው መጽሔት አሳተመ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን መመላለስ ነው፤ የሰማዩ ሊቅ ባይጠይቅ ኖሮ የመስኩ ተመራማሪ ጨረቃ ከኮከቡ ጋር ስትገናኝ ምን ያህል ሞልታ እንደምትታይ ለመጠየቅ ላያስብ ይችል ነበር።

ዛሬ ወደዚያ አገር ለምርምር የሚወርድ ተማሪ እንግዲህ የአያንቱውን ቃል በኦሮምኛ፣ እንደተነገረ፣ ሳያሳጥርና ሳያስተካክል ይጻፍ፤ ከጎኑም የሌሊቱን ቀንና ሰዓት፣ የጨረቃዋን መጠን፣ ኮከቡ በስተሰሜኗ ይሁን በስተደቡቧ ያስፍር። ሁለት አዋቂዎች ባይስማሙ የሁለቱንም ቃል በየስማቸው ለይቶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በመዝገቡ ያኑር፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ወይም የታሪክ ሰው በትክክል የሚፈልገው ያንን ልዩነት ሊሆን ይችላልና።