ስቴንት ከገባ በኋላ ኪኒኑ አይቋረጥ

«ለአባባ ልባቸው ላይ ሽቦ ገባላቸው» ሲባል ብዙ ቤተሰብ ደረታቸው የተከፈተ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ሐኪሙ የእጅ አንጓን ወይም የብሽሽትን ደም ቧንቧ በመርፌ ይበሳና ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ በራጅ እያየ እስከ ልብ ያደርሳል። በጠበበው ቦታ ላይ ትንሽ ፊኛ ሲነፋ፣ በላዩ ያለው የብረት መረብ ማለትም ስቴንቱ ተከፍቶ ቧንቧውን ይደግፋል። ፊኛው ይወጣል፣ መረቡ ይቀራል። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ አይተኛም፤ ነቅቶ ነው የሚታከመው።

በፊኛ ማስፋት እ.ኤ.አ. በ1977 በዙሪክ ተጀመረ። ስቴንት በሰው ልብ ቧንቧ የገባው በ1986 ነው።

ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ደረት ሲጨመቅ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጅና መንጋጋ ሲሄድ «ጨጓራ ነው» ብሎ ማደር አይገባም። ወዲያው ወደ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ትልቁ አደራ ከዚያ በኋላ ነው። ስቴንቱ ባዕድ ብረት ስለሆነ ደም ሊረጋበት ይችላል። ይህን የሚከላከሉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በአንድነት ከ6 እስከ 12 ወር ይወሰዳሉ። «ተሽሎኛል» ብሎ ወይም ጥርስ ለማስነቀል በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕይወት ያስከፍላል። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል።

በርጫ ላይ ለሚቀመጡ አባቶችም፦ ጫት ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ምት ያፈጥናል። ሲጋራ ሲታከልበት ይብሳል።

ልጆች ደግሞ ኪኒኑ ሳያልቅ ይግዙ፤ ፍሬውንም አብራችሁ ቁጠሩ።