ነውር ያደረግነው እውቀት፦ ስለ ሴት ውሻ የድራት ወቅት

አንባቢ «ስንት ጉዳይ እያለ የምን ውሻ ነው?» እንዳይለኝ ጥቂት እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ።

ሌዊስቪል ባለው ቤታችን ቡቺ የምንላት ሴት ውሻ አለች። ስምንት ወር ሲሞላት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የደም ጠብታ ታየ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደንግጣ «አባዬ፣ ቡቺን ምን ነካት?» አለችኝ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ መሐንዲስ ነኝ፤ ነገር ግን ለልጅ የሚነገር ቃል በአማርኛ አጣሁ። «ምንም አይደለም» ብዬ አለፍኩት።

ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር ቡችሎች ሲወለዱ ወንዶቹ ይመረጣሉ፤ ሴቶቹ ወንዝ ዳር ይጣሉ ነበር። በሴት ውሻ ምክንያት ወንዶቹ ሲሰበሰቡና ሲናከሱ እኛ ልጆች በድንጋይ እንበትናቸዋለን። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ ይተላለፋልና ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። የሚሆነውን ያስረዳን ትልቅ ሰው ግን አልነበረም። ላም ስትሆን ገበሬው «ኮርማ ፈለገች» ይላል፤ የእንስሳት ባለሙያም «ድራት» ይለዋል። ጥቅም ያለበትን እናውቃለን፤ ውሻ ሲሆን ነውር እናደርገዋለን።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ወዲያው መጣ። ከአሥር ቀን በኋላ ደሙ ሲሳሳ «አበቃ» ብዬ ቡቺን ጓሮ ለቀቅኋት። አንድ ወንድ ውሻ በአጥሩ ሥር ቆፍሮ ገባ። ከ63 ቀን ገደማ በኋላ አምስት ቡችሎች ተወለዱ። እናቲቱ ራሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ሁለቱ አልተረፉም።

ስህተቴ የውሻን ደም እንደ ሴት ልጅ የወር አበባ መቁጠሬ ነው። በሰው ደም የሚፈሰው ፅንስ ሳይፈጠር ሲቀር ነው፤ በውሻ ግን ደሙ የሚቀድመው ለእርግዝና ዝግጅት ሆኖ ነው። ስለዚህ የደሙ መሳሳት የአደጋው ማብቂያ ሳይሆን መጀመሪያው ነው።

የመጀመሪያው ድራት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ይመጣል፤ ትልልቅ ዝርያዎች ከዚያም ይዘገያሉ። ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ ገደማ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት ገደማ ብልቷ ያብጣል፣ ትደማለች፣ ደጋግማ ትሸናለች፤ ወንድ ቢመጣም ታባርረዋለች። በቀጣዮቹ 9 ቀናት ገደማ ፈሳሹ እየነጣ ይሄዳል፣ ጭራዋን ወደ ጎን ታዞራለች፣ ወንዱንም ትቀበላለች። ቀኖቹ ከውሻ ውሻ ስለሚለያዩ ደም ከታየበት ዕለት ጀምሮ ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አራት ሳምንት መጠበቅ ይበጃል።

በዚህ ጊዜ ያለ ማሰሪያ አትውጣ፤ ጓሮም ቢሆን ብቻዋን አትተው። ለውሻ የተሠራ የንጽሕና ሱሪ ምንጣፍን ከደም ያድናል እንጂ እርግዝናን አይከለክልም። መኝታዋን ማጠብ፣ ቁጣዋንና የምግብ ፍላጎቷን መለዋወጥ መታገሥ ያስፈልጋል። በመድማቷ መቅጣት ግፍ ነው። የሰው የሕመም ማስታገሻም አይሰጣት፤ ሊመርዛት ይችላል። ሳይታሰብ ከተጠቃች ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ማማከር ነው።

ከድራቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብዙ ውኃ የምትጠጣ፣ የምታስመልስ፣ የምትዝል ወይም መግል የሚወጣት ከሆነ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ይሆናል። ይህ የሚገድል በሽታ ስለሆነ ለነገ አይባልም። ማራባት የማይፈልግ ሰው ውሻዋን ቢያስመክናት ድራቱም ይቀራል፣ ይህ በሽታም ይርቃል። ቀዶ ሕክምናው ግን በድራት ላይ ሳለች ደም ስለሚያበዛ ብዙ ሐኪሞች ሁለት ሦስት ወር ያቆዩታል። እኛም ቡችሎቹ ጡት ከተዉ በኋላ ይህንኑ አደረግን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ቡችሎቹ በተወለዱ ዕለት ልጄን አስቀምጬ የደሙን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኋት። አዳምጣ ስትጨርስ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ነግሬያት ቢሆን ኖሮ የጓሮውን በር እሷ ትጠብቀው ነበር።

ቸር ይግጠመን።